በአክብሮት የማይሠራ ፍሬን

ውድ ልጄ፣

«ልጄ» የሚለውን ቃል ለማንም እንበትነዋለን። ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ የሚመጣውን ጎረምሳ ሁሉ «ቀጥ ብለህ ቁም ልጄ» እለዋለሁ። መንገድ ላይ የማላውቃትን ልጅ «ልጄ፣ ቦርሳሽ ተከፍቷል» እላታለሁ። ስለዚህ ከላይ የጻፍኩት ቃል እንደዚያ እንዳይቀልብሽ ፈራሁ። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

ትናንት ደውለሽ «ጋሼ፣ በሰላም ደርሰናል፤ በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ፍሬኑ አላሳፈረንም» ስትዪኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ፣ እንዲህ ያለ መንገድ ሄዳ ስትደውል በአንድ ቃል ይዘጋባታል? ምን ላድርግ፣ ስልክ ላይ አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ዛሬ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ብጣሹን ጠርጌ ተቀመጥኩ። «የማውቀውን ነገር ነው የሚጽፍልኝ» ትዪ ይሆናል። ግን ፍሬኑን ስትሠሪ አንቺ ጀልባዋን ከሚጭነው ተጎታች ሥር ነበርሽ፣ እኔ ከላይ ነበርኩ። ከሥር የማይታይ ነገር አይቻለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የልቤን ልንገርሽ። ከቁልቁለቱ ሥር ባለው ሐይቅ ላይ ሠራተኞችን የማመላለስ ሥራ አገኘሁ፣ አባቴ የተወልኝን ጀልባ ይዤ እሄዳለሁ ስትዪኝ «ይቅናሽ» አልኩሽ። ቃሉ ከአፌ ነው የወጣው፤ ልቤ ግን ከኋላው አልተከተለም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ የስፌት መኪናዬና የአንቺ የመፍቻ ኳኳታ ብቻ ነበር። ሳገባት አንቺን ለኔ የሰጠችኝ እናትሽ ናት፤ እሷ ከሄደች ምን ያስተሳስረናል እያልኩ አስባለሁ። ሥጋ አይደለን፣ ደም አይደለን። ጀልባዋ ከግቢው ስትወጣ አንቺም እንደ እንግዳ አመስግነሽ የምትወጪ መሰለኝ። እና ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ትንሽ አቆያት» አልኩ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሾፌሩ ፒካፑን ይዞ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «ችኩሉ» ይለዋል፣ እሱም እንደ ማዕረግ ይቀበለዋል። ተጎታቹን ከመኪናው ጋር አጋጥሞ ከግቢው በር እስከ መንገዱ ድረስ ሲጎትተው፣ የቀኙ ጎማ አልዞር ብሎ ጠጠሩን እያረሰ ሄደ። የሚቃጠል ነገር ሸተተን። አንቺ ዘለሽ ወርደሽ ፍሬኑ የሚይዝበትን የጎማውን ታምቡር በእጅሽ ጀርባ ነካ አድርገሽ ቶሎ መለስሽው።

«ይፋጃል» አልሽ።

«ቆሞ ስለኖረ ነው፤ ሲሄድ ይፈታል» አለ ችኩሉ ከመሪው ሳይነሳ።

«ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሏል።»

«መያዙ አይደል የሚፈለገው? የማይዝ ፍሬን አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ያለ ፍሬን ስንት ዳገት ወርጃለሁ!»

«ዳገት አይወረድም። የሚወረደው ቁልቁለት ነው።»

ሰፈራችን ውስጥ እሱን ዝም ያሰኘ ሰው ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈትሽ። የተጎታች ፍሬን እንደ መኪና ፔዳል እንደሌለው ያስረዳሽኝ ያን ጊዜ ነው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ከኋላ የሚመጣው ጀልባ ይገፋዋል፤ ያ ግፊት ራሱ መጋጠሚያው ውስጥ ያለችውን ፓምፕ ይጫንና ፈሳሹን ወደ ጎማዎቹ ይልካል። በገዛ ግፊቱ ይቆማል ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ እኔም እንዲህ ያለ ነገር በውስጤ ቢኖር አልኩ።

ክዳኑ ሥር ያለው ጎሚኒ፣ ያ ፈሳሹን የሚያሽገው ላስቲክ፣ ግን አብጦ ተጣሟል። አንቺ ቅንድብሽን ሰብሰብ አደረግሽ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከፈሳሹ ትንሽ ቀድተሽ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ውሃ በብርጭቆ» አልሽኝ። አመጣሁ። ጠብ ስታደርጊው ፈሳሹ እንደ ዓይን ክብ ሠርቶ ከላይ ተንሳፈፈ።

«ዘይት ነው» አልሽ።

«ታዲያ ዘይት አይደል እንዴ መሆን ያለበት? የፍሬን ዘይት!» አልኩ እኔ።

«ስሙ ነው እንጂ ዘይት አይደለም ጋሼ። ትክክለኛው ቢሆን ኖሮ ውሃው ውስጥ ይሟሟ ነበር። ይሄ የሞተር ዘይት ተቀላቅሎበታል። የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል። ካበጠ ደግሞ አንዴ ይይዝና አይለቅም፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይዝም።»

«ዘይት ካልሆነ ለምን ዘይት ይሉታል?»

ችኩሉ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ። «እኔ አንድ ጓደኛ አለኝ፣ አንበሳው ነው የምንለው። ድመት ይፈራል» አለ።

ማን ጨመረው የሚለው ጥያቄ ግን ቀረ። መልሱን ያገኘነው ከጓዳው ጀርባ ካለችው የዕቃ ቤት ነው። ከሞተር ዘይቱ ቆርቆሮ ጎን፣ ዘይት ሳይፈስ ለመቅዳት ከውሃ ፕላስቲክ አንገት የተቆረጠች ማንቆርቆሪያ ተንጠልጥላለች። አፏ እጅ እንዳይቆርጥ ዙሪያዋን በሰማያዊ ጨርቅ ተቀምቅማለች። ጨርቁን ሳየው አወቅሁት። የደንብ ልብስ ስሰፋ የተረፈኝ ብጣሽ ነው። ቅምቅማቱንም አወቅሁት፤ በዚህ ምድር ላይ ያን ያህል ጥቅጥቅ አድርጎ የሚቀመቅም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«እማዬ!» አልሽ። መጀመሪያ ሳቅሽ፣ ወዲያው ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

እኔም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከመታመሟ በፊት፣ ክዳኑን ከፍቼ አይቼ ራት ላይ «የተጎታቹ ዘይት ጎድሏል» ብዬ ነበር። እናትሽ ሳህኖቹን ማንሣቷን ቀጠለች። ግን ታውቂያት የለ? የጎደለ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም። የኔን የውሃ ብርጭቆ እንኳ ግማሽ ሲሆን ትሞላዋለች። ዘይት ጎደለ ሲባል ሰማች፤ ዘይት ጨመረች። ለሟች ባሏ ጀልባ፣ ለልጇ ንብረት ብላ፣ እጅ እንዳይቆርጥ አድርጋ ቀምቅማ።

«በቃ፣ ሟች አይከሰስም» አለ ችኩሉ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር። «አሁን ያንን አፍስሽና አዲሱን ሙይበት፤ ከቀትር በፊት እንውጣ።»

እኔ ራሴ እንደሱ ነበር የማደርገው። አፍስሶ መሙላት፤ ምን ችግር አለው? አንቺ ግን ራስሽን ነቀነቅሽ።

«ጎሚኒው ዘይቱን ጠጥቶታል። አዲሱን ብሞላበት አዲሱንም ያበላሸዋል። ጎሚኒ የነካው ሁሉ መቀየር አለበት፤ ከፓምፑ እስከ ጎማው።»

«እንግዲያው ዛሬ አትሄጂም ማለት ነው። ሰዎቹስ? እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልደረስሽ ሌላ እንቀጥራለን አላሉም?»

«ብለዋል።»

«እና?»

«እና ያ ቁልቁለት መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ አይተሃል? ትምህርት ቤት አለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እኔ የሰው ልጅ አልነክስም።»

«ዛሬ አንሄድም» ማለትሽን ስሰማ ልቤ ምን እንዳደረገ ልናዘዝልሽ? ዘለለ። ጸሎቴ ተሰማ አልኩ። ፈጣሪ ራሱ በእናትሽ እጅ ከሩቅ አስቦ ያን ዘይት ያስጨመረልኝ መሰለኝ። ከዚያ አንቺን አየሁሽ። ክሪኩን አስገብተሽ፣ ጀርባሽን በካርቶን ላይ ዘርግተሽ ከሥር ገብተሽ፣ የዛገ ብሎን እየታገልሽ ነበር። መፍቻው ሸርተት ብሎ የጣትሽ አንጓ ተላጠ። «ምንም አይደል» አልሽ፤ ማንም ሳይጠይቅሽ። ሥራሽ ከእጅሽ ሊወጣ ነው፣ እኔ ግን ከላይ ቆሜ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ አፈርኩ። እግዚአብሔርን የልቤ ተላላኪ አድርጌው ነበርና ይቅር እንዲለኝ ጠየቅሁ። ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ያየሁትን ልንገርሽ። ከየጎማው ያወጣሻቸውን ጎሚኒዎች ጋዜጣ ላይ ደረደርሻቸው፤ እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ አብጠዋል። እያንዳንዱን ከየት እንደወጣ እንዳይምታታብሽ ጋዜጣው ላይ በእርሳስ ጎማ ሣልሽ። የፍሬኑን የላስቲክ ቱቦዎች ከመጣልሽ በፊት በቢላ ቆራረጥሻቸው። «ለምን?» ስልሽ፣ «ሌላ ሰው ደህና መስሎት አንስቶ እንዳይገጥመው» አልሽኝ። የብረት ቱቦዎቹን በአልኮል አጥበሽ፣ በአየር ነፍተሽ፣ አሁንም አጠብሽ። ከቱቦው የወጣውን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ እያደረግሽ ቅባት መኖሩን ታያለሽ፤ ቅባት ካለ እንደገና። የወጣውን የተበከለ ፈሳሽ አንድም ጠብታ መሬት ላይ ሳታፈሺ በዕቃ ሰበሰብሽ። ችኩሉ «ቦዩ እዚያ ነው» ቢልሽ፣ «ቦዩ የት ነው የሚሄደው?» አልሽው። ቁልቁል ወደ ሐይቁ አየና ዝም አለ። ሁለተኛ ጊዜ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከውጭ የማይታይ ስፌት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ገበር ውስጥ ያለውን ማንም አያይም፣ ማንም አያመሰግንም፤ ግን ኮቱን ኮት የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙ ሰው ገበሩ ውስጥ ይሰርቃል፤ እኔም ደክሞኝ ረዘም ረዘም አድርጌ የሰፋሁበት ቀን አይጠፋም። አንቺ ግን ማንም በማያየው ቦታ፣ ጊዜሽ እያለቀ፣ እንጀራሽ እየተንጠለጠለ፣ አንድ ስፌት አልዘለልሽም። ቆሜ ሳይሽ «ይህች ልጅ የማን ናት?» ብዬ መጠየቅ አማረኝ፤ የሚመልስልኝ ቢኖር።

አዲሶቹ ዕቃዎች ከየሱቁ ተለቅመው መጥተው ገቡ። አዲሱን ፈሳሽ ልትሞዪ ስትዪ እኔ የእናትሽን ማንቆርቆሪያ አቀበልኩሽ። ወሰድሽና አገላብጠሽ አየሻት።

«በዚህች አልቀዳም ጋሼ። ውስጧ ዘይት ቀርቷል» አልሽ። ከዚያ ሄደሽ ጀልባዋ ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ አንጠለጠልሻት። በሌላ አዲስ ማንቆርቆሪያ ቀዳሽ። ሰውን እንዲህ ነው መውደድ አልኩ በልቤ፤ ስህተቱን ሳይደግሙ ማክበር።

የቀረው ከቱቦዎቹ ውስጥ አየሩን ማስወጣት ነበር። ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ መጋጠሚያው ላይ ቆሜ የፓምፑን ዘንግ በካቻቢቴ እገፋለሁ፤ አንቺ ከጎማው ሥር ተኝተሽ ትንሿን ብሎን ትከፍቺያለሽ፤ አየሩ በላስቲክ ቱቦ ይወጣል፤ ትዘጊያለሽ፤ እኔ እለቃለሁ። ብሎኑ ሳይዘጋ ከለቀቅሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል።

«ይግፉ ጋሼ! ይልቀቁ እስክል ድረስ እንዳይለቁ!»

ገፋሁ። ድምፅሽ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ነው የሚመጣው፣ ታፍኖ።

«ይ…ቁ!» አልሽ።

ለቀቅሁ። ቱቦው ፉርር አለ።

«ጋሼ! ይጠብቁ ነው ያልኩት!»

«ይልቀቁ ያልሽ መሰለኝ።»

እንደገና ገፋሁ። «ይ…ቁ!» አልሽ። አሁን ጠቢብ ሆኜ ጠበቅሁ። ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁ እኮ ነው የምለው!»

በሦስተኛው ላይ ፈሳሹም አለቀ፣ አየሩም እንዳለ ነበር። ችኩሉ ሆዱን ይዞ ከፒካፑ ወረደ።

«እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ፍሬን ውስጥ የገባው አየር አይደለም። አክብሮት ነው! ሁለቱም በ“ይ” ተነስተው በ“ቁ” ያልቃሉ፤ መሃሉን ጀልባዋ ትበላዋለች። በዚህ ዓይነት እስከ ከርሞ ተከባብራችሁ ትቀመጣላችሁ!»

አንቺ ከሥር ወጣሽ። ግንባርሽ ላይ ጥቁር ቅባት አለ። ልታስቂ ፈልገሽ ከንፈርሽን ነክሰሻል።

«ጋሼ… ይቅር ይበሉኝና፣ ለሥራው ስል አንተ ልበልዎት?»

«በዪኝ» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። ምናልባት ከሚገባው በላይ ቶሎ።

ያለቀውን ፈሳሽ ሞልተሽ ተመልሰሽ ገባሽ።

«ግፋ!»

ገፋሁ።

«ጠብቅ!… ጠብቅ!… ልቀቅ!»

ለቀቅሁ። ስህተት የለም። አንዱ ቃል እንደ መዶሻ ነው፣ አንዱ እንደ ውሃ፤ እንዴት ይምታታሉ? «ግፋ! በርታ እንጂ ጋሼ! ጠብቅ! ቀስ በል፣ አትቸኩል፤ ችኩሉ ሆንክ እንዴ? ልቀቅ!» ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ተሳብሽ፣ እኔ ላቤ ጠብ እያለ እገፋለሁ። አየሩ እየቀነሰ፣ ዘንጉ ከእጄ ሥር እየጠነከረ መጣ።

ልጄ፣ አንቺ ያን ጊዜ ስለ አየሩ ነበር የምታስቢው። እኔ ግን ዓይኔ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ ላብ ነው ብያለሁ። እናትሽ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ አባትሽን በሕይወት ሳለ አንተ ነበር የምትዪው። እኔ ወደ ቤታችሁ ስገባ «ትልቅ ሰው ነው፣ እርስዎ በዪው» ብላ አስተማረችሽ። ልክ ናት፤ በአክብሮት ነው ያሳደገችሽ። አንቺም አንድ ቀን ሳትስቺ አክብረሽኛል። ያ «እርስዎ» በደንብ የተተኮሰ ኮት ነው፤ ግን መርፌው ውስጡ ቀርቷል። ለብሼው ስቀመጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይወጋኝ ነበር። የት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የሳምንቱ መጨረሻ ሳይደርስ ሥራው አለቀ። ተነሥተሽ እጅሽን ጠረግሽና፣ «ደከምዎት አይደል ጋሼ? ይቀመጡ» አልሽኝ። ኮቱን መልሰሽ አለበስሽኝ። ተቀመጥኩ።

ችኩሉ ተጎታቹን እስከ መንገዱ ጫፍ ጎትቶ ድንገት ፍሬን ያዘ። ጎማዎቹ እኩል ቆሙ። ሲነሣ እኩል ለቀቁ። አንቺ እየዞርሽ ታምቡሮቹን በእጅሽ ጀርባ ነካሽ፤ ሁሉም ለብ ያሉ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ችኩሉ ወርዶ ባርኔጣውን አነሣ። «እኔ እንኳ ቢሆን ከአሁን በኋላ ዳገት ስወርድ አንቺን እጠራለሁ» አለ። ይህን እንደ ሦስተኛ ዝምታው ቆጠርኩለት፤ ለሱ ከዚህ በላይ መሸነፍ የለም።

ስትሄዱ አንቺ በመስኮት ብቅ ብለሽ «ጋሼ፣ ወደ ቤት ይግቡ፣ ፀሐይ ነው!» አልሽኝ። «ግባ በዪኝ» ልልሽ አፌን ከፈትሁ። መኪናው ተነሣ። የጀልባዋ ጀርባ በጠመዝማዛው ላይ እስኪጠፋ ቆምኩ፤ ከዚያ ገባሁ።

ቀደም ብዬ የነገርኩሽን ጸሎት ቀይሬዋለሁ። «አቆያት» ማለት ትቻለሁ። አሁን «መንገዷን ጠብቅ» ነው የምለው። እሱንም አንተ ነው የምለው፣ አየሽ? ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነው። ንጉሥን እርስዎ እንላለን፣ እግዚአብሔርን ግን አንተ። ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ የምለምንሽ ነገር ይሄው ነው። አባባ በዪኝ አልልሽም፤ አባት ነበረሽ፣ ጀልባውም ምስክር ነው፣ ከቦታው አልነቅለውም። ጋሼ እንዳልሽኝ ቅሪ። ግን ስትደውዪ «እንዴት ነህ?» በዪኝ። አፍሽ እንቢ ካለሽ፣ መጀመሪያ ላይ «ለሥራው ስል» ብለሽ ጀምሪው፤ ሌላው ይለመዳል። እናትሽም ብትኖር የምትቆጣ አይመስለኝም። የጎደለ ነገር መሙላት ትወድ ነበር።

የእኔን ነገር አታስቢ። ሱቁ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ለቅቄሻለሁ፤ እየጠበቅሁሽም ነው። ሁለቱ ቃላት አሁን አይምታቱብኝም።

ጋሼ